ካቻቢቴው ይቆይ፦ አልነሣ ስላለ የሞተር መጋዝ

ጎንደር ላይ የሞተር መጋዝ ይዘው ለሚሠሩ እንጨት ቆራጮችና ለወጣት መካኒኮች ከተደረገ ንግግር በጽሑፍ የተዘጋጀ

ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ እንኳን ደኅና መጣችሁ።

መጋዝ አልነሣ ሲላችሁ የመጀመሪያው ሥራ ገመዱን መጎተት ማቆም ነው። ብዙ ጊዜ የማየው ግን ሌላ ነው። አንዱ ይጎትታል፤ ሲደክመው ለጓደኛው ያቀብላል፤ ጓደኛውም ይጎትታል፤ አየሩን የሚዘጋው ቾክ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ እንደገና ይከፈታል። በመጨረሻ ከመካከላቸው «እኔ አውቅበታለሁ» የሚል ሰው ካቻቢቴ ያወጣና ቤንዚንና አየር የሚደባልቀው ካርቡሬተር ጎን ያሉትን ትንንሽ ብሎኖች ማዞር ይጀምራል። ዛሬ ከምናገረው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህንን ያዙልኝ፦ ያ ብሎን የተሠራው አገር ሲለወጥ እንዲዞር ነው፤ መጋዝ ሲታመም እንዲዞር አይደለም። አገር ሲለወጥ ያልሁትን በኋላ እመለስበታለሁ።

ነገሩን እስቲ አስቡት። መጋዙ ትናንት እስከ ማታ ሲቆርጥ ዋለ። ዛሬ ጠዋት እንቢ አለ። ብሎኑ ሌሊቱን በራሱ ዞረ? ብሎኖቹ በሞላ ወጥረው የተያዙ ስለሆኑ እንዲሁ በቀላሉ አይንቀሳቀሱም። እንግዲህ የተለወጠው ሌላ ነገር ነው፤ ወይ ቤንዚኑ፣ ወይ አየሩ የሚያልፍበት መንገድ፣ ወይ ብልጭታው፣ ወይ ከውስጥ አንዲት ጎማ ደርቃለች። ብሎኑን ያዞረ ሰው የተለወጠውን ነገር አላገኘውም፤ በላዩ ሌላ ለውጥ ጨመረበት። መጋዙ ወደ ጋራዥ ሲመጣ አንድ ብልሽት ይዞ መምጣት ሲገባው ሁለት ይዞ ይመጣል፤ መካኒኩም የትኛው ከትኛው እንደመጣ ለመለየት ግማሽ ቀን ያጠፋል።

ይህን ያህል የምጨነቅበት ምክንያት አለኝ። ከጎንደር ወጣ ስትሉ፣ በላይ አርማጭሆም ሂዱ በወገራ፣ ገበሬው ከእህሉ ጎን ባሕር ዛፍ ተክሏል። ቤቱ በእሱ ይቆማል፤ ቋሚው፣ ማገሩ፣ ወራጁ እሱ ነው። ከተማ ውስጥ ፎቅ ሲሠራ ግንበኛው የሚወጣበት አጣና እሱ ነው። ለጥምቀት በፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ ሕዝቡ የሚቀመጥበት ደረጃም በእንጨት ይቆማል። ልጅ ለማስተማር፣ ዕዳ ለመክፈል፣ ሠርግ ለመደገስ የሚሸጠው ያ ዛፍ ነው። መጋዝ ሲቆም የቀን ሠራተኛው ይቀመጣል፣ ለጭነት የቆመው አይሱዙ ሰዓቱን ይቆጥራል፣ ባለዛፉም ከነጋዴው ጋር መጨቃጨቅ ይጀምራል። ስለዚህ አንድ ሰው ብልሽቱን በግማሽ ሰዓት ማግኘት መቻሉ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሞተሩ ሦስት ነገር ይፈልጋል። በልክ የተደባለቀ ቤንዚንና አየር፣ በሰዓቱ የሚመጣ ብልጭታ፣ እንዲሁም ፒስተኑ ሲወጣ ድብልቁን አምቆ የሚይዝ ሲሊንደር። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ አይነሣም። የትኛው እንደጎደለ ደግሞ የሚነግራችሁ ብልጭታውን የሚሰጠው ካንዴላ ነው። ስድስት ሰባት ጊዜ ጎትታችሁ ካልተነሣ ካንዴላውን ፍቱና እዩት፤ ገና በእጃችሁ እያለ አትጥረጉት።

እርጥብ ከሆነና ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ፣ ነዳጁ እየደረሰ ነው፤ የጎደለው ብልጭታው ሊሆን ይችላል ወይም ሞተሩ በቤንዚን ታፍኗል። ደረቅ ከሆነ ነዳጅ አልደረሰም፤ ብልጭታን ትታችሁ የቤንዚኑን መንገድ ተከተሉ። ቀለሙም ይናገራል። ደብዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ሞተሩ ደኅና ይተነፍሳል። ጥቁርና ጥላሸት የለበሰ ከሆነ ቤንዚን በዝቶበታል፣ ወይም አየር ማጣሪያው ተደፍኗል፣ ወይም ዘይቱ ከልኩ አልፏል። ነጭ ሆኖ የተቃጠለ ከመሰለ ግን ያንን መጋዝ አስቀምጡት፤ ቤንዚን ጠምቶታል፣ አንድ ዛፍ እንኳን አትጨምሩበት።

እርጥብ ካንዴላ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከቾክ አያያዝ ነው። ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሣ ቾኩ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ይጎተታል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሞተሩ አንዴ ድምፅ አሰምቶ ይጠፋል። ያ ድምፅ ቾኩን ወደ ግማሽ የምትመልሱበት ምልክት ነው። ድምፁን ሳይሰማ ያለፈ ሰው ቾኩን እንደዘጋ መጎተቱን ሲቀጥል ሲሊንደሩ ቤንዚን ይሞላል። መፍትሔው ቀላል ነው። ማጥፊያውን ዝጉ፣ ካንዴላውን ፍቱ፣ የካንዴላውን ገመድ ከቀዳዳው ራቅ አድርጉት፣ መጋዙን ገልበጥ አድርጋችሁ ብዙ ጊዜ ጎትቱ፤ የተጠራቀመው ቤንዚን ይወጣል። ካንዴላውን አድርቃችሁ መልሱ፣ ማጥፊያውን ክፈቱ፣ ቾኩን ሙሉ በሙሉ ክፈቱ፣ የሰንሰለቱን ፍሬን ያዙ፣ የነዳጅ መስጫውን ጨምቃችሁ ጎትቱ። የካንዴላውን ገመድ አደራ ከቀዳዳው ራቅ አድርጉ ያልሁት በምክንያት ነው፤ ከቀዳዳው የሚረጨው ቤንዚን ብልጭታ ካገኘ ይቀጣጠላል።

ብልጭታ ለማየት ካንዴላውን ከገመዱ ጋር አገናኙትና የብረቱን ጥርስ ከሲሊንደሩ ብረት ጋር አስነኩት፤ አሁንም ከቀዳዳው ርቆ፣ ጥላ ቦታ። ስትጎትቱ ሰማያዊ የሆነ ጠንካራ ብልጭታ መታየት አለበት። የካንዴላው ጫፍ ክፍተት በአብዛኛው መጋዝ 0.5 ሚሊ ሜትር ነው። ካልታየ በመጀመሪያ ሌላ ካንዴላ ሞክሩ። ከዚያ ከማጥፊያው ብልጭታውን ወደሚያመነጨው ኮይል የምትሄደውን ቀጭን ሽቦ ለሙከራ ነቅላችሁ ጎትቱ፤ ብልጭታ ከመጣ ሽቦዋ አንድ ቦታ ተልጣ ከብረት ጋር ትነካካለች ማለት ነው፤ ሞተሩን ዘወትር «ጥፋ» ትለዋለች። ሽቦዋ ካልሆነች ኮይሉንና መካኒኮች ቮላኖ የምትሉትን ማግኔት ያለበትን መዘውር ተመልከቱ። በመካከላቸው የሚኖረው ክፍተት 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ዝገት ካለበት በስስ ብርጭቆ ወረቀት አጽዱት። ገመዱ እጃችሁን ወደ ኋላ መልሶ የሚመታ ከሆነ ደግሞ ቮላኖውን ፒስተኑ ከሚያዞረው ዘንግ፣ ከክራንኩ፣ ጋር የምትይዘው ትንሽ ቁልፍ ተቆርጣ ብልጭታው ያለ ሰዓቱ እየመጣ ሊሆን ይችላል።

አሁን ስለ ቤንዚን ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ምክንያቱም ወደ እኔ ከሚመጣው መጋዝ የሚበዛው ጥፋቱ እዚህ ነው።

ሁላችሁም እንደምታውቁት ማደያ ላይ ቤንዚን ሲጠፋ በየመንገዱ ዳር በሃይላንድ ተሞልቶ ይሸጣል። ያ ሃይላንድ ፀሐይ ላይ ስንት ቀን እንደቆመ የሚያውቅ የለም። ቤንዚን ሲቆይ ቶሎ የሚተነው ቀላሉ ክፍሉ ይሄዳል፤ ቀዝቃዛ ሞተር የሚያስነሣው ደግሞ ያ የሄደው ክፍል ነው። የቀረው ይወፍርና በካርቡሬተሩ ጠባብ ቀዳዳዎች ውስጥ ሙጫ ሆኖ ይቀራል። ከዚህ የሚብሰው ነጭ ጋዝ ወይም ናፍታ የተቀላቀለበት ነው። የምትጠራጠሩ ከሆነ ጥቂት ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ጣሉ። ንጹሕ ቤንዚን ቶሎ ይተንና ወረቀቱ ላይ ቅባት አይተውም፤ ነጭ ጋዝ ወይም ናፍታ ካለበት ቅባት ያለው ክብ ምልክት ይቀራል። ይህ የሚሠራው ዘይት ከመቀላቀላችሁ በፊት መሆኑን አትርሱ። ውኃ እንዳለበት ለማወቅ ደግሞ በሚያሳይ ጠርሙስ አስቀምጡት፤ ውኃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከሥር ይጠራቀማል።

ዘይቱም የራሱ ልክ አለው። ይህ ሞተር ባለ ሁለት ምት ነው፤ የተለየ የዘይት ቤት የለውም፤ ክራንኩም ፒስተኑም የሚለሰልሱት ከቤንዚኑ ጋር በሚመጣው ዘይት ብቻ ነው። ደኅና የባለ ሁለት ምት ዘይት ካገኛችሁ የዛሬዎቹ መጋዞች በአብዛኛው 50 ለ1 ይፈልጋሉ፤ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር፣ ለአምስት ሊትር 100 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። አንዳንድ አሮጌ መጋዝ 25 ለ1 ይላል፤ ያኔ እጥፍ ይሆናል። መመሪያው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። በክዳን፣ በስኒ፣ በግምት የሚለካ ዘይት አልወድም። ፋርማሲ ሂዱና ባለ 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ግዙ፤ አንድ ሙሉ ሲሪንጅ ለአንድ ሊትር። ከዚህ የሚቀልል መለኪያ የለም። የተቀላቀለውን ደግሞ ከአንድ ወር በላይ አታቆዩት፤ ሞተር ቢስክሌት ያለው ጎረቤት ካላችሁ ሳይቀላቀል የተረፈውን ለእሱ ስጡት።

ካንዴላው ደረቅ ከሆነ መንገዱን ከታንኩ ጀምራችሁ ተከተሉ። በታንኩ ውስጥ በቱቦ ጫፍ የተንጠለጠለች ትንሽ ፊልትሮ (ማጣሪያ) አለች። ጫፉ በታጠፈ ሽቦ በነዳጅ መሙያው ቀዳዳ በኩል ጎትታችሁ ታወጧታላችሁ። ጠቁራ ወይም ጠጥራ ከሆነ ለውጧት፤ ዋጋዋ ከአንድ ቀን ሥራ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ቱቦውን በጣታችሁ እጠፉት፤ በመታጠፊያው ላይ ስንጥቅ ከታየ ቤንዚን ሳይሆን አየር እየሳበ ነው። ከዚያ ወደ ካርቡሬተሩ ግቡ።

እዚህ ላይ ባጃጅ የሚጠግኑ ወጣቶች አደራ ስሙኝ። እጃችሁ የሠለጠነው ሳህን ባለው ካርቡሬተር ነው፤ በውስጡ ቤንዚን ይጠራቀማል፣ ተንሳፋፊው ከፍ ሲል መርፌው ይዘጋል። መጋዝ ግን ተጋድሞም ተገልብጦም መሥራት ስላለበት ያ ሳህን የለውም። በቦታው ዲያፍራም የሚባል ስስ ሽፋን አለ። በአንድ ወገን ያለው ዲያፍራም ከክራንኩ ቤት በሚመጣ የአየር ግፊት እየተርገበገበ ቤንዚኑን ከታንክ ይስባል፤ በሌላ ወገን ያለው ደግሞ መርፌውን እየከፈተና እየዘጋ ልኩን ይጠብቃል። ዲያፍራሙ በመጥፎ ቤንዚንና በዕድሜ ሲደርቅ መርገብገብ ያቅተዋል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ በቾክ ይነሣል፤ ቾኩን ስትከፍቱት ወይም ቤንዚን ስትሰጡት ይጠፋል። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው የጥገና ዕቃው ነው፤ አዲስ ዲያፍራም፣ አዲስ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ)፣ አዲስ መርፌ። ስትፈቱ እያንዳንዱን በወጣበት ቅደም ተከተል ነጭ ጨርቅ ላይ ደርድሩ፤ ስልካችሁ ካሜራ አለው፣ ፎቶ አንሡት። ጓርኒሲዮንና ዲያፍራም ተለዋውጠው ከተገጠሙ ሌላው ሁሉ ትክክል ቢሆንም አይሠራም። ቀዳዳዎቹን በሽቦ አትውጉ፤ ይሰፋሉ፣ ከሰፉ መልሶ የሚያጠባቸው የለም። ዲያፍራሙ ሳይወጣ የኮምፕሬሰር አየር አትንፉበት፤ ይቀደዳል።

ነዳጁም ብልጭታውም ደኅና ሆኖ ሞተሩ ተነሥቶ፣ ቤንዚን ሳትሰጡት በዝግታ፣ በሚኒሞ፣ እየሠራ፣ ቤንዚን ስትሰጡት ግን የሚታፈን መጋዝም አለ። ጭሱ የሚወጣበትን ማርሚታ እዩ። ብዙዎቹ ማርሚታዎች ውስጥ የእሳት ፍንጣሪ የምትይዝ ስስ የሽቦ ወንፊት አለች፤ ዘይት በበዛበት ቤንዚን የሠራ መጋዝ ላይ በካርቦን ትደፈናለች። ፈትታችሁ አውጧት፣ በሽቦ ብሩሽ አጽዷት፣ መልሷት። ጥሏት አልሁ? አላልሁም። በበጋ ደረቅ ሣርና ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠል ላይ ስትሠሩ ያቺ ወንፊት ከሌለች ፍንጣሪው የጎረቤትን ማሳ ሊያቃጥል ይችላል። የአየር ማጣሪያውንም በዚያው እዩት፤ በየቀኑ ማጽዳት ነው፣ ሌላ ምክር የለኝም።

አሁን ወደ ብሎኑ ልመለስ።

መጋዙ በሚኒሞ ሲሠራ ድምፁ አንድ ቦታ አይረጋም፣ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ቤንዚን ሰጥታችሁ ስትለቁት ቶሎ አይወርድም፣ እየጮኸ ይቆያል። ይህ ሞተሩ ከማይገባው ቦታ አየር እየሳበ መሆኑን ያመለክታል። ወይ ካርቡሬተሩንና ሲሊንደሩን የምታገናኘው ጎማ ተሰንጥቃለች፣ ወይ በክራንኩ ሁለት ጫፍ ያሉት የዘይት መያዣ ጎማዎች አልቀዋል። ካቻቢቴ ያለው ሰው እዚህ ላይ ምን ያደርጋል? ቤንዚኑን ከፈት ያደርግለታል። ድምፁም ይስተካከላል! ለጊዜው። ቀዳዳው ግን እየሰፋ ይሄዳል፣ አየሩ ይጨምራል፣ እሱም ብሎኑን ይጨምራል፤ አንድ ቀን ሙሉ ጉልበት ላይ እያለ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ላይ ይጣበቃል። በዚህ ሞተር ላይ ቤንዚን አነሰ ማለት ዘይትም አነሰ ማለት መሆኑን አስታውሱ። ብሎኑ በሽታውን ደበቀው እንጂ አላዳነውም። ሥራውን በአግባቡ የሚሠራ መካኒክ ማርሚታውንና የካርቡሬተሩን በኩል ደፍኖ ወደ ሞተሩ 0.5 ባር ገደማ አየር ይሰጥና መውረድ አለመውረዱን ያያል። ይህን የግፊት መለኪያ ገዝቶ ያስቀመጠ ጋራዥ ካወቃችሁ ደንበኛ ሁኑለት።

እንግዲህ ብሎኑ መቼ ነው የሚዞረው? አገር ሲለወጥ ብያለሁ።

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። አየር በየ1,000 ሜትሩ በግምት አንድ ዐሥረኛ ይሳሳል። ለቆላ አየር የተስተካከለ አዲስ መጋዝ ገዝታችሁ እዚህ ስታስነሡት አየሩ አንሶት ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ያጨሳል፣ ይከብደዋል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ወደ ደባርቅ ብትወጡ፣ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፣ ይብስበታል። ስለዚህ መካኒኩ ቤንዚኑን ጥቂት ይቀንስለታል፤ ትክክል ነው፣ ብሎኑ የተሠራው ለዚህ ነው። አደጋው የሚመጣው በመንገዱ ሌላ ጫፍ ነው። ያው መጋዝ መኪና ላይ ተጭኖ ወደ መተማ ይወርዳል። መተማ 700 ሜትር ገደማ ናት፤ ከጎንደር በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ከ1,400 ሜትር ያላነሰ ወርዷል። ሙቀቱ አየሩን ጥቂት ቢያሳሳውም የከፍታው ልዩነት ይበልጣል፤ እዚያ አየሩ ወፍራም ነው። ለጎንደር ተብሎ የተቀነሰው ቤንዚን ለመተማ አየር አይበቃም። መጋዙ እንዲያውም የበረታ ይመስላል፤ ድምፁ ይቀጥናል፣ ይፈጥናል፣ ባለቤቱም «ቆላው ተስማማው» ይላል። ያ ቀጭን ጩኸት የጥም ጩኸት ነው። በዚያ ሙቀት፣ በጠንካራ የቆላ እንጨት ላይ፣ ሙሉ ጉልበት ሲሰጠው ፒስተኑ ይላጫል።

(ወደ መተማና ቋራ የምትወርዱ ሁሉ ምን እንደምትቆርጡ ደግሞ እዩ። የዕጣን ዛፍ ቆሞ እያለ በየዓመቱ ዕጣን ይሰጣል፤ አንዴ ከተቆረጠ የሚተካው በብዙ ድካም ነው። መጋዝ አስተካክዬ ለዚያ ሥራ ብሰጥ ያሳዝነኛል።)

ስለዚህ ቆላ ወርዳችሁ የመጀመሪያውን ዛፍ ከመንካታችሁ በፊት ለከፍተኛ ፍጥነት የሆነውን፣ «ኤች» የሚል ፊደል ያለበትን ብሎን ወደ ግራ ጥቂት ክፈቱት። ስትመለሱ መልሱት። አሠራሩ እንዲህ ነው። በቅድሚያ አየር ማጣሪያው ንጹሕ፣ ሰንሰለቱ የተሳለ፣ ሞተሩ የሞቀ ይሁን። ብሎኑን ከመንካታችሁ በፊት በቀስታ እስኪቀመጥ ወደ ቀኝ አዙራችሁ ስንት ዙር እንደነበር ቆጥራችሁ ጻፉ፤ አጥብቃችሁ ከዘጋችሁት ጫፉ ይበላሻል። ከዚያ ወደ ነበረበት መልሱት። ለዝቅተኛ ፍጥነት የሆነውን፣ «ኤል» የሚለውን፣ በሚኒሞ ያለማመንታት እንዲሠራና ቤንዚን ስትሰጡት ሳይታፈን እንዲነሣ አድርጋችሁ አስተካክሉ። በሚኒሞ ሰንሰለቱ መዞር የለበትም፤ ከዞረ የሚኒሞውን ብሎን ቀንሱ። «ኤች»ን የምታስተካክሉት መጨረሻ ነው፤ በአንድ ጊዜ ከአንድ ዙር ስምንተኛ በላይ አታዙሩ። እንጨት ሳይነካ ሙሉ ቤንዚን ሲሰጠው ድምፁ ትንሽ መንተባተብ አለበት፤ እንጨት ውስጥ ሲገባ መንተባተቡ ጠፍቶ መጥራት አለበት። ሁለቱንም ከሰማችሁ ቁሙ። ባዶውን ጥርት ብሎ የሚጮህ ከሆነ ቤንዚን ጠምቶታል፣ ክፈቱለት። ኤም-ትሮኒክ ወይም አውቶ-ቲዩን የሚሉ አዳዲስ መጋዞች ይህን ራሳቸው ያስተካክላሉ፤ እነሱ ላይ የምትፈልጉትን ብሎን አታገኙትም።

ከንግግሩ በኋላ ከተነሡት ጥያቄዎች ሦስቱን ልጨምር።

አንድ ከወገራ የመጡ አባት፣ «ልጄ፣ የእኔ ጠዋት ደኅና ይነሣል። ዛፉን ጥዬ ቅርንጫፉን ስመለምል ድንገት ቀጥ ይላል። ተቀምጬ ጥቂት ካረፍሁ በኋላ ደግሞ ይነሣል። ይህ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

አባቴ፣ ሲጠፋብዎት ወዲያውኑ የቤንዚኑን ክዳን ፈታ ያድርጉት አልኋቸው። «ሽው» ብሎ አየር ከገባና መጋዙ ወዲያው ከተነሣ የታንኩ መተንፈሻ ተደፍኗል። ቤንዚን ሲወጣ በቦታው አየር መግባት አለበት፤ ካልገባ ታንኩ ራሱን ይመጥና ነዳጁን አይለቅም። መተንፈሻውን ማጽዳት ወይም መለወጥ ነው። ክዳኑን ፈትተውም ካልተነሣ፣ ገና እንደሞቀ ብልጭታውን ይዩት። ሲሞቅ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ የሚመለስ ከሆነ ኮይሉ ነው፤ እሱ አይጠገንም፣ ይለወጣል። ሁለቱን የሚለየው መጋዙ በጠፋበት ደቂቃ መመርመሩ ነው፤ ካረፈ በኋላ ሁለቱም ጤነኛ ይመስላሉ።

አንዲት እኅት የባለ ሁለት ምት ዘይት ሲጠፋ የመኪና ሞተር ዘይት መጠቀም ይቻል እንደሆነ ጠየቀችኝ። አይቻልም። የመኪና ዘይት የተሠራው በዘይት ቤት ውስጥ እንዲዞር ነው፤ ከቤንዚን ጋር ሲቃጠል አመድ ይተዋል፣ መካኒኮች ፋሻ የምትሉት የፒስተን ቀለበት ይጣበቃል፣ ማርሚታውም ይደፈናል። ያን ቀን ሥራውን ማሳደር ይሻላል።

የመጨረሻው ጠያቂ ወጣት መካኒክ ነበር፤ ሞተሩ አልቋል የሚባለው መቼ ነው አለኝ። መጋዙን በማስነሻው መያዣ አንጠልጥሉት፤ ማጥፊያው የተዘጋ ይሁን። ኮምፕሬሽን፣ ድብልቁን አምቆ የመያዝ አቅም፣ ካለው እየያዘ በቀስታ ይወርዳል፤ እንዲሁ ሸርተት ብሎ ከወረደ ደክሟል። መለኪያ ካለህ ጤነኛ ሞተር በአብዛኛው ከ120 ፒኤስአይ በላይ ያሳያል፤ በእኛ ከፍታ ጥቂት ዝቅ ብሎ ሊነበብ ይችላል። ከዚያ ማርሚታውን ፍታና በቀዳዳው በስልክህ መብራት ፒስተኑን እይ። ለስላሳና የሚያበራ ከሆነ ቀለበቱን ብቻ መለወጥ ሊበቃ ይችላል። ከላይ ወደ ታች የተቧጨረ ከሆነ ፒስተኑ ተለውጦ ሲሊንደሩም መታየት አለበት። ነገር ግን አዲሱን ዕቃ ከማዘዝህ በፊት አሮጌው ለምን እንደተቧጨረ እወቅ። ዘይቱ አንሶ ነው? የታንኩ ፊልትሮ ተደፍኖ ነው? የክራንኩ ጎማ አየር ያስገባል? ቆላ ወርዶ ሳይስተካከል ሠርቷል? ይህ ሳይታወቅ የተገጠመ አዲስ ፒስተን በመጀመሪያው ሳምንት እንደ አሮጌው ይሆናል፤ ስለዚህ ሞተሩ ተከፍቶ እያለ ሁለቱንም የክራንክ ጎማዎችና የቤንዚኑን ቱቦ አብረህ ለውጥ፣ የአየር ግፊቱን ፈትሽ፣ ከዚያ ግጠም።